እስከ በሩ ድረስ

የንባብ መሣሪያ ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው መልክ ነው። በሱቁ ነጭ መብራት ሥር ባለብርሃኑ ስክሪን ቀለሙን ዘርግቶ ዐይን ይጠራል። ወረቀት መሳዩ ስክሪን ደግሞ ግራጫ ፊቱን ይዞ፣ ሳይጠሩት ሠርግ እንደ መጣ ዘመድ ጥግ ጥጉን ይቀመጣል። ገዢው እጁን ወደ ባለብርሃኑ ይሰዳል። “ይኼ ያምራል። ያኛው ጠፍቷል እንዴ?” ይላል።

ሻጩ አይከራከርም። ሁለቱንም ከማሰሪያቸው ይፈታና “እስቲ እስከ በሩ ድረስ እንሂድ” ይላል። የሱቁ በር ከፀሐይ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ሲደርሱ ያ ሲያንጸባርቅ የነበረው ይጠቁርና ለገዢው የገዛ ፊቱን መልሶ ያሳየዋል፤ ጠፍቷል የተባለው ግን ፊደሉ ጥርት ይላል። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ የመጨረሻው ገጽ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይቆያል። “በሱቅ መብራት አይምረጡ” ይላል ሻጩ፤ ገዢውም ራሱን እየነቀነቀ ወደ ካሸሯ ይሄዳል። ካሸሯ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። “ዛሬም ሰው ፀሐይ ስታስመታ ዋልክ?” ትለዋለች።

ሻጩ ከአንድ ዳኛ ልጅ ጋር የተዋወቀውም እዚያው በር ላይ ነው።

“ለአባቴ ነው” አለችው በዚያ ቀን። “ዕድሜ ልኩን ዳኛ ነበር፤ እንጀራው ማንበብ ነበር። አሁን ዐይኑ ደክሞ ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው።”

ሻጩ ማንም ይምጣ ማን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ነበሩት። ድካሙ ምን ዓይነት ነው? የሚቀመጡት መስኮት አጠገብ ነው ወይስ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ? ፈዘዝ ያለ ጽሑፍ ይታያቸዋል? በዚያ ቀን አንዱንም አልጠየቀም። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች፤ እጇን ከቅንድቧ በላይ ጋርዳ ቀና ብላ ስታየው የሚያውቀው ሁሉ ጠፋበት። አዋቂ መስሎ ሊታያት ስለ ፈለገ ያን የለመደውን ንግግር አንድም ሳያስቀር ተወጣው። ወረቀት መሳዩን፣ ያውም የራሱ መብራት የሌለውን አስገዛት።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

“አባትዎ ወደዱት?” አላት። ፊቱ ላይ የነበረውን ተስፋ እሱ ራሱ አላወቀውም።

ቀና ብላ ፊቱን አየችው። “በጣም” አለች። ከዚያም የመጣችበትን ጉዳይ የረሳች መስላ ስለ ሌላ ሌላው ስታወራ ቆየች።

እንዲህ ተጀመረ። ገዢና ሻጭ ሲላመዱ “ደንበኛ” እንደሚባባሉት እነሱም ስማቸውን ትተው “ደንበኛዬ” ተባባሉ። እሷ ትልቅ ግቢ ውስጥ ያደገች፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕግ አማካሪ ናት። እሱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሻጭ ነው። መኪናዋን ራቅ አድርጋ አቁማ ትመጣለች፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ምሳቸውን ይበላሉ። ካሸሯ ስትጠይቀው “ቻርጀር ልትቀይር ነው” ይላል። “ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ” ትላለች ካሸሯ። “አንድ ሰው በወር ስንት ቻርጀር ያቃጥላል?”

አንዳንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ቆማ ገዢዎቹን በዐይኗ ትከተላለች። “ያ ሰውዬ ባለብርሃኑን ነው የሚወስደው፤ ጫማውን እየው። ያቺኛዋ ባሏ ወረቀት መሳዩን ያስመርጣታል፤ ከዚያ ነገ መጥታ ትቀይራለች።” ብዙ ጊዜ ልክ ነበረች። እሱ ሲገረም ትስቅና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “አንተን ግን በር ላይ ነው የመረጥኩህ” ትለዋለች። ይህን ቃል ይዞ ወደ ክፍሉ ሲሄድ ከአውቶቡስ የሚወርድበትን ቦታ አልፎ ያውቃል።

የነገሩ መራራነት ከእሱ አልተደበቀም። ገና በጊዜ ነግራዋለች።

“አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከዚያ ብትተወኝ አልቀየምህም። ታጭቻለሁ። ባሕር ማዶ ያለ መሐንዲስ ነው። የሱ አባትና የኔ አባት አብሮ አደጎች ናቸው። ደግሞ ማንም አላስገደደኝም፤ በራሴ አፍ ነው እሺ ያልኩት። አንተን ሳላውቅህ።”

“መቼ ነው የምትሄጂው?”

“አባቴን እንዲህ እንዳለ ትቼው አልሄድም ብያለሁ። እነሱም እንጠብቃለን ብለዋል።”

“እንዲህ እንዳለ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቃትም። የሚያፈቅር ሰው መልሱን የሚፈራውን ጥያቄ አይጠይቅም። ሲመሻሽ “አባቴ ይጠብቀኛል፤ ላነብለት ነው” ብላ ስትነሣ፣ ሽማግሌው ቀን ቀን ራሳቸው አንብበው ማታ ለጨዋታ ያህል የምታነብላቸው ነበር የሚመስለው። እንዲያውም ይኮራ ነበር። አይቷቸው የማያውቃቸው ሰው እሱ በመረጠላቸው ስክሪን ሲያነቡ በሐሳቡ እያያቸው ይተኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፤ ስለ መረጠው ስክሪን ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ራሳቸው መጡ።

ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ከረባታቸው ለችሎት እንደሚገባ ሰው ታስሯል፤ እጃቸው የልጃቸውን ክንድ ይዟል። ልጅቱ ከአባቷ ትከሻ ኋላ ሻጩን አየችው። ያ አስተያየት የለመደው አልነበረም። ራሷን ቀስ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳያይባት፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሻጩ “አላውቅሽም በል” የምትለው መሰለው። ልቡ ተነካ። ቢሆንም አፉ ላይ የመጣውን “ደንበኛዬ” ውጦ “እንደምን ዋሉ፣ አባቴ” አለ።

“ይህን የሸጥከው አንተ ነህ?” ዳኛው መሣሪያውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“እኔ ነኝ።”

“መልካም። አንድ መስመር አንብቤበት አላውቅም።”

ሻጩ ልጅቱን አያት። መሬት መሬቱን ታያለች።

“አትደንግጥ፤ ልከስህ አልመጣሁም” አሉ ዳኛው። “ለሌላው ደህና ይሆናል። ለኔ ዐይን ግን ግራጫ ላይ ግራጫ ነው። ልጄ ገና በመጀመሪያው ማታ አውቃለች። መልሺው ብላት፣ አይ፣ እኔው አነብልሃለሁ አለች። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ከሥራ ደክማ ትመጣና ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ከዚሁ ላይ ታነብልኛለች። እጮኛዋ እዚያ ማዶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስንቱ ላይ ስፈርድ ኖሬ፣ በእርጅናዬ የልጄን ዕድሜ ስበላ ራሴን ያዝኩት።”

“አባዬ፣ ተው” አለች።

“ምኑን ነው የምተወው? እንደኔ ዐይኑ የደከመ ጓደኛዬ በሌላ ዓይነት ስክሪን ያነባል አሉኝ። ካለህ አሳየኝ፣ ልጄ። ራሴ ካነበብኩ እሷ ነፃ ትወጣለች። ትኬቷን በዚህ ሳምንት ነው የማስቆርጥላት።”

ሻጩ አሁን ገባው። ያ የራስ መነቅነቅ “አላውቅሽም በል” አልነበረም፤ “አትሽጥለት” ነበር። ቦርሳዋን አቅፋ የመጣችበት ቀንም ትዝ አለው። መሣሪያውን ልትመልስ ነበር የመጣችው። “ወደዱት?” ብሎ የጠየቃት እሱ ነው፤ ካፏ የወጣው “በጣም” ያንን ቀን አተረፈላቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ ያተረፈላቸው ደግሞ ያ የማይነበብ ስክሪን ነው። ፍቅራቸው የተጠለለው በእሱ ስሕተት ሥር ነበር።

ባለብርሃኑን ከማሰሪያው ፈታ። ዳኛው ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከነገሩት ተረድቷል፤ ጥቁር ላይ ነጭ፣ ትልልቅ ፊደል፣ ከውስጥ የሚያበራ። በአንድ ደቂቃ ሊያስተካክልላቸው ይችላል። በሩንም ያውቀዋል። ወደዚያ ቢወስዳቸው ማንም ምን አደረግህ አይለውም፤ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነውና። ካሸሯ እንኳ አትጠረጥረውም።

“እስከ በሩ ድረስ እንሂድ፣ አባቴ” አለ።

ልጅቱ ትንፋሿን ስትስብ ሰማት። ዳኛው ክንዷን ለቀቁና እጃቸውን ሻጩ ትከሻ ላይ ጣሉ። “ምራኝ እንግዲህ” አሉ። እጃቸው ከባድ ነበር። ደረጃ ይኑር አይኑር ሳይጠይቁ፣ ሳይጠራጠሩ፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለውበት ይራመዱ ነበር። በመደርደሪያዎቹ መካከል ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞበት አያውቅም።

በሩ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። ዳኛው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ አዘነበሉት።

“ምንም የለም” አሉ። “ከዚያኛውም ይብሳል።” ማዘናቸውን ለመደበቅ ትንሽ ሳቅ አሉ። “ይሁን፣ ልጄ። ዐይኑ የኔ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ስለ ደከምክልኝ አመሰግናለሁ።”

ሻጩ ዞሮ ልጅቱን አያት። ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር። ወዲያው እፎይታዋን ራሷ አወቀችውና አፏን በእጇ ያዘች።

እዚህ ድረስ ከመጣ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይችል ነበር። ሽማግሌው ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ፣ እሷ ማታ ማታ ታነባለች፣ እሱም ነገ በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ይጠብቃታል። ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ያ እጅ ግን ገና ትከሻው ላይ ነው፤ መልሰህ ምራኝ ብሎ ይጠብቃል።

“ተሳስቻለሁ፣ አባቴ” አለ። “ይኼኛው በር ላይ አይታይም። ወደ ውስጥ እንመለስ።”

ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ መብራቱ ደብዘዝ ያለበት ጥግ አለ፤ እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ጀርባውን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ አደረገ። ፊደሉን አሳደገ፤ ደግሞ አሳደገ፤ በመስመር ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እስኪቀር። ምን ጽሑፍ እንደ ተከፈተ እንኳ አላየም። እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

ዳኛው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎም ውሳኔ በሚያነቡበት ድምፅ ጀመሩ። “መሣሪያውን... ከውኃና... ከከፍተኛ ሙቀት... ያርቁ።” ቆም አሉ። “ቻርጀሩን... በእርጥብ እጅ... አይንኩ።”

ካሸሯ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርሰው በመሐረቧ አፍንጫዋን ያዘች። ዳኛው ስለ ቻርጀር የተጻፈውን እያነበቡ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። የሚቀጥለውን ገጽ በጣታቸው ራሳቸው ገለጡ።

ልጅቱ ሻጩን በክንዱ ይዛ ከመጨረሻው መደርደሪያ ኋላ ወሰደችው።

“ወስደኸው ነበር እኮ” አለች በሹክሹክታ። “በሩ ድረስ ወስደኸው ነበር። ለምን መለስከው?”

“ጥፋቱ ያንተ አይደለም አሉኝ።”

“እኔስ? እኔን አላየኸኝም?”

“አይቼሻለሁ። አንቺንም አይቼ ነው የመለስኳቸው።”

ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። “ደስ አለኝ። አባቴ ምንም አይታየኝም ሲል ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?”

“እኔ ነኝ የወሰድኳቸው፤ አንቺ አይደለሽም።” ቀጥሎም “ያን ቀን ልትመልሺው ነበር የመጣሽው” አለ።

“ደረሰኙ እጄ ላይ ነበር። ወደዱት ወይ ስትለኝ ፊትህን አየሁት። ያን ፊት ማጥፋት አቃተኝ።”

“አሁን ንገሪያቸው። ክፉ ሰው አይደሉም።”

“ክፉ ቢሆንማ ድሮ ነግሬው ነበር።”

“እኔ ልንገራቸው?”

“አይሆንም። ዛሬ ያደረግክለትን ለኔ ብለህ ያደረግከው ይመስለዋል። እሺ ያለው የኔ አፍ ነው፤ ማፍረስም ካለበት የኔ አፍ ነው የሚያፈርሰው።” ፊቷን ጠረገች። ከዚያ እጁን ያዘች። ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ባለበት፣ እጁን ይዛው አታውቅም። እንደ ያዘችው ወደ አባቷ ወንበር ሄደች፤ እሱም የሚያልመው እየሆነ ስለ መሰለው ትንፋሹን ውጦ ተከተላት።

“አባዬ” አለች።

ዳኛው አልሰሙም።

“አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው።”

ዳኛው ቀና ሳይሉ አንድ ጣታቸውን አነሡ፤ ችሎት ውስጥ ሰው ሲያቋርጣቸው ያደርጉት የነበረው ነው። “አንዴ፣ ልጄ” አሉ። “ይህችን ገጽ ልጨርስ።”

ቆማ ጠበቀች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ጊዜ ውስጥ በእሷ አፍ በኩል ካልሆነ አንድ ቃል አልደረሳቸውም ነበር። አሁን ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ማንንም ሳይፈልጉ ብቻቸውን ገብተውበታል። ተከሰው ነፃ የወጡ ይመስሉ ነበር። ሻጩ ጣቶቿ መዳፉ ውስጥ ሲላሉ ተሰማው፤ መጀመሪያ ትንሿ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ሊያጠብቃቸው ይችል ነበር። የአባቷን ፊት እሱም እያየ ስለ ነበር አላጠበቃቸውም።

ዳኛው ገጹን ጨርሰው ቀና አሉ። “እሺ፣ ምን ልትይኝ ነበር?”

“ምንም” አለች። “እንዳይመሽብን ብዬ ነው።”

ሲነሡ ሻጩን በእጃቸው ዳብሰው አገኙትና ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙ። “ልጄን ፈታህልኝ” አሉት። “እግዜር የልብህን መሻት ይስጥህ።”

“አሜን” አለች ካሸሯ፤ ወዲያው የሁለቱን ፊት አይታ አንገቷን ደፋች።

“አሜን” አለ ሻጩ።

ዳኛው ወደ ልጃቸው ዞሩ። “አንቺስ? እንዲህ ላለ ሰው አሜን አይባልም?”

“አሜን” አለች። ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ከጉሮሮዋ ተፍቆ ነው የወጣው።

“ሰማህ?” አሉ ዳኛው ለሻጩ። “ማታ ማታ እንዲህ ነው የምትሆነው፤ ንባቡ ነው። ከእንግዲህ ታርፋለች።”

የአዲሱን ሂሳብ ከፍለው በሩን አልፈው ወጡ። እሷ አልዞረችም። እንደማትዞር ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም መንገዱን ተሻግረው እስኪጠፉ ቆሞ ጠበቀ።

ያ ወረቀት መሳይ መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ካሸሯ አነሣችው። ሌላ ቀን ቢሆን የምትቀልድበት አታጣም ነበር። “ባትሪው አልቋል” አለች ቀስ ብላ። “ቻርጅ ላድርገውና ለማሳያ ይሁን?”

ሻጩ ተቀበላትና ወደ በሩ ይዞት ሄደ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ ፊደሉ ግን ይነበባል። ትናንት ማታ ለአባቷ ስታነብ ያቆመችበት ገጽ ነው። ከላይ እስከ ታች በእሷ ድምፅ አነበበው። የመጨረሻው መስመር ላይ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ገጹ አልቋል። ቻርጅ ቢደረግ መሣሪያው እንደ አዲስ ይከፈታል፤ ይህ ገጽም ይሄዳል።

“ታዲያ ምን ላድርገው?” አለች ካሸሯ ከኋላው።

“ተዪው፣ እትዬ” አለ። “እንዳለ ይቆይ።”